ሩጫ የሚይዝ ካሜራ

ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ላይ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ነበርኩ። ጉልበቴ አልከዳኝም፤ ፈረስ ላይ ስወጣም እርካብ የሚይዝልኝ ሰው አልፈልግም ነበር። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ነው፣ ዘመሮ ከተማ ፎቶ ቤት የነበራት አስካለ የቪዲዮ ካሜራ ልትገዛ አዲስ አበባ ስትወርድ አብሬያት የሄድኩት። ለሰው የተናገርኩት «ሴት ብቻዋን ሆና ነጋዴ እንዳያታልላት» ብዬ ነው። እውነቱ ግን እሷ እኛን እንዳታታልለን ነበር።

አስካለ ባለፈው ሰኔ አረፈች። አርባዋ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ሰማሁ። አንዷ የልጇን ሰርግ እንዴት አድርጋ እንዳነሳችላት፣ ሌላው የአባቱን የመጨረሻ ፎቶ በነፃ እንዳጠበችለት ይናገራል። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ አንድ ቄስ ለማስተማር ተነሱ። እውነት ስለ መናገር እያስተማሩ ሳለ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «ሩቅ ሳንሄድ አቶ ደምሴ እዚህ አሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሕሊናቸው ቀስቅሷቸው ያደረጉትን አገር ያውቃል» አሉ። ሰዉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ አቀረቀርኩ።

ይህን ምስጋና አሥራ ሁለት ዓመት ስቀበል ኖሬአለሁ። የቀሰቀሰኝ ሕሊናዬ አይደለም። አስካለ ናት። እሷ ደግሞ ለአንድ ሰው ሳትተነፍስ ሞተች። እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁት ዳዊት ሳልደግም ነው፤ ጽሕፈቴ ጠማማ ነው። ቢሆንም ይህን ለሌላ ሰው ነግሬ አላስጽፍም።

አስካለ ዘመሮ የመጣችው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሚስት ሆና ነው። ባሏ ሲሞት ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግታ ወደ እናቷ አገር፣ ወደ ዓለም ከተማ ትመለሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ በሩን ከፈተች። ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ፣ የባሏን ካፖርት የምትለብስ ሴት ነበረች። ስታናግራት ድንገት ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኙ ብቻ ታይሃለች። ካሜራ ሳትይዝም እንዲሁ ናት። መጀመሪያ የዓይን ሕመም መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሰው ሲያጋንን ወይም ሲዋሽ ነው የምትጨፍነው። ገበያ ላይ ሻጭ «ይህ በግ ሁለት ዓመት አልሞላውም» ሲል አስካለ ዓይኗን ከጨፈነች፣ ገዢው ዝም ብሎ የበጉን ጥርስ ያያል። ሻጮቹ አይወዷትም ነበር።

ሌላም አመል ነበራት። የተጠየቀችውን ወዲያው አትመልስም። «ቆይ፣ ልየው» ትላለች። ጨርቅ ቢያሳዩዋት፣ ወሬ ቢነግሯት፣ «ቆይ፣ ልየው» ነው። ሽማግሌ ተልኮ ባል ሲያመጡላትም እንደዚያው አለች። አየችውና መለሰችው።

የካሜራው ነገር የተነሳው የመስቀል ማግስት ነው። ጉግስ ተጫውተን፣ ፈረሶቹን አብርደን፣ ጠላ ቤት ተቀምጠናል። የላይ አገርም የታች አገርም ሰው አብሮ ነው፤ የምንለያየው ሜዳ ላይ ነው እንጂ ጠላ ላይ አይደለም። እኔ የላይ አገር ነኝ። የከተማ ልጅ ካነበበው እንዲገባው፣ ጉግስ አንዱ ወገን ፈረሱን ለቆ ሲሸሽ ሌላው እያባረረ ዘንግ የሚወረውርበት ጨዋታ ነው። የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። ሰው ይመታል፤ ፈረስ ግን አይመታም። ፈረስ የመታ ሰው ነውረኛ ተብሎ ዳግመኛ ሜዳ አይወጣም።

አስካለ ጉራችንን ስትሰማ ቆይታ፣ «አያ ደምሴ፣ እርስዎ ፈረስ ላይ ሲቀመጡ ምን ይመስላሉ?» አለችኝ።

«ምን እመስላለሁ፣ ቀጥ ያልኩ ጽድ ነኝ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል። ሠላሳ ዓመት ተቀምጬበታለሁ።»

«አይተውት ያውቃሉ?»

ሰዉ ሳቀ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። እውነቷን ነው። ራሴን በመስተዋት የማየው ጢሜን ስላጭ ነው። ስጋልብ የሚያየኝ ሌላ ሰው ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያየሁት የፈረሴን ጆሮ ነው። ነገሩ የቆረቆረው እኔን ብቻ አልነበረም፤ ጥቅምት ሳያልቅ ከሁለቱም አገር አሥራ አራት ጋላቢዎች እያንዳንዳችን አንዳንድ በግ ሸጠን፣ እሷ የጎደለውን ሞልታ፣ ሩጫ የሚይዝ ካሜራ እንዲገዛ ተስማማን። ካሜራው የእሷ ይሆናል፤ የጉግስ ቀን ግን የእኛ ነው።

እሷ ልምምዱን የጀመረችው ካሜራው ሳይገዛ ነው። የወተት ዱቄት ጣሳ ግራና ቀኙን ከፍታ፣ በአንድ ዓይኗ እያየችበት ሜዳ ዳር ቆማ የሚሮጠውን ሁሉ ትከተላለች። ፈረስ ሲያልፍ ፈረስ፣ ውሻ ሲያልፍ ውሻ፣ ከገበያ ያመለጠ በግም ቢሆን። እጇን አታንቀሳቅስም፤ የምትዞረው ከወገቧ ነው። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ከእጄ ከሆነ ይንቀጠቀጣል፤ ከወገቤ ሲሆን ይፈሳል» አለችኝ። ሰው ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ አለ። እኔም ብያለሁ።

ደብረ ብርሃን አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ ፒያሳ ደረስን። ባለሱቁ ወፍራም፣ ትሕትና የሚያበዛ ሰው ነው። ገና ስንገባ በትከሻ የሚሸከሙትን፣ የጥጃ ራስ የሚያክለውን ካሜራ አወረደልን።

«ይሄ ነው» አልኩ እኔ። ሌላ ማየትም አልፈለግሁ። ሰርግ ላይ እንደዚያ ያለ ካሜራ የተሸከመ ሰው ሲመጣ ዳስ ሙሉ ሰው መንገድ ሲለቅለት አይቻለሁ።

«ይህን ይዘሽ ሜዳ ስትገቢ ሰው ሁሉ ይነሳልሻል» አልኳት።

«ሰው ይነሳ ይሆናል። ፈረሱ ግን አይቆምልኝም፣ አያ ደምሴ። ይህን ተሸክሜ እስክዞር ፈረሱ ራቤል ይደርሳል።»

ባለሱቁ ሌላ አመጣ። «ይሄኛው በጨለማ ያነሳል» አለ።

«እኛ በጨለማ አንጋልብም» አለችው።

ደግሞ ሌላ አመጣ። ጎኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል። «እሜቴ፣ ይሄ ስምንት መቶ ጊዜ ያቀርባል። ጨረቃን እጅዎ ላይ ያመጣታል።»

አስካለ ግራ ዓይኗን ጨፈነች። «የሚያቀርበው በመስተዋቱ ነው ወይስ በቁጥሩ?»

ሰውየው ያን ጊዜ ነው ወንበሩን ስቦ የተቀመጠው። እኔን ደግሞ ዞራ አስረዳችኝ፤ መስተዋቱ ሲያቀርብ ፈረሱ ይቀርባል፣ ቁጥሩ ሲያቀርብ ፈረሱ ይበጣጠሳል። የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

አንዱን ይዛ ፀሐይ ላይ ወጣች። እንደ መስኮት የሚከፈተውን ምስል የሚታይበትን ነገር አየችበትና መልሳ ሰጠችው፤ ፀሐይ ላይ ምንም አይታይም፣ የእኛ ሜዳ ጣሪያ የለውም፣ ዓይን የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ስጠኝ አለችው። ባትሪው ብርድ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል ብላ ጠየቀችው። ሁለት ሰዓት አለ። «የት አገር ብርድ ላይ?» አለችው። ሰውየው መለስ ብሎ በርኖሴን አየ።

በመጨረሻ ሁለት ካሜራ ቀረ፤ እኔ የወደድኩት ትልቁና ጎኑ የተጫረ፣ ያገለገለ፣ መዳፍ የሚሞላ ትንሽ ነገር። አስካለ ጥግ አስደግፌው የነበረውን በትሬን አንስታ ሰጠችኝ። «አያ ደምሴ፣ በሩ ላይ ቆመው ይወርውሩ።»

«ማንን?»

«ማንንም። ሳይለቁ ይወርውሩ።»

ፒያሳ አስፋልት ዳር ቆሜ ጋሻ እንደሚወጋ ሰው በትር ስሰብቅ አስቡኝ። መንገደኛው ቆመ። አንድ ፖሊስም ቀረብ ብሎ አየኝና ሄደ። አስካለ በአንዱ አነሳችኝ፣ በሌላው አነሳችኝ፤ ትንሹን ካሜራ እየነካካች የሆነ ነገር አስተካክላ እንደገና አነሳችኝ። ከዚያ ጠርታ አሳየችኝ። በትልቁ ላይ እጄ አለ፣ በትሩ ግን የለም፤ እንደ ጭስ ተበትኗል። በትንሹ ላይ በትሩ በትር ነው። ቋጠሮው ሳይቀር ይታያል።

«ይሄን እወስዳለሁ» አለች። በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪና ካሴት ጨመረች።

እስከ ደብረ ብርሃን አላናገርኳትም። አሥራ አራት በግ ሸጠን አይጥ ይዘን የተመለስን መሰለኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳያይብን በርኖሴን ደረብኩበት። ሸኖን ስናልፍ አስካለ በመስኮት እያየች፣ «እርስዎ ፈረስ ሲገዙ በኮርቻው ነው የሚገዙት?» አለችኝ። በርኖሴን ይበልጥ ሳብኩበት።

የመጀመሪያው ቀረጻ የገና ዕለት ነበር። እዚህ ላይ የእኛን ሞኝነት ልናገር። እሷና ባሏ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ፎቶ ቤት ይዘው ለአገሩ ሰው ሁሉ ሲሉ የኖሩት አንድ ነገር ነው፤ አትንቀሳቀሱ፣ አትተንፍሱ፣ ወደዚህ እዩ። አስካለ ሜዳው መካከል ካሜራዋን ስታነሳ፣ እየጋለበ የነበረው ሁሉ ልጓሙን ያዘ። ፈረሱን አቁሞ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ እሷ ማየት ጀመረ። ከኋላ የሚያባርሩትም ደርሰው በተራቸው ቆሙ። እኔ ከመካከላቸው ነኝ። ትንፋሼንም ይዣለሁ።

«ሩጡ እንጂ» አለች።

«ጨርሰሻል?» አላት አንዱ።

አንድ ካሴት ሙሉ የቆመ ፈረስ ተቀረጸ። ብትነግረንም ለውጥ አልመጣም። እግራችን ይሮጣል፣ አንገታችን ግን ወደ እሷ ነው። ሁለት ፈረስ ሊጋጭም ነበር። ማታ ቤቷ ስትመለስ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ» አለች እንጂ አልተቆጣችም። ከዚያ በኋላ የት ሆና እንደምታነሳ ለማንም ላለመናገር ወሰነች።

በቃና ዘገሊላ ዕለት ጠዋት ታቦቱን በካሜራዋ ስትቀርጽ ሁላችንም አይተናታል። ከሰዓት በኋላ ግን ከዓይን ጠፋች። በኋላ እንደሰማሁት የእረኛ በርኖስ ለብሳ ፈረስ የሚዞርበት ጥግ፣ የድንጋይ ካብ ሥር ተጋድማ ነበር። አንዱን ባትሪ ካሜራው ላይ፣ ሌላውን ብርድ እንዳይገድለው ብብቷ ውስጥ ይዛ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እኛ የላይ አገሮች የምንሸሽበት ተራ ነበር። ጋሻዬን ወደ ኋላ አድርጌ ዳማ ፈረሴን ለቀቅሁት። የሚያባርረኝ ሽፈራው ነው፤ የታች አገሩ የጌጡ ልጅ፣ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ ጌጡ በዘመኑ የእኔ አባራሪ ነበር። ሽፈራው አምባላይ የተባለ ነጭ ፈረስ አለው፣ እናቱ ከውርንጭላነቱ እጇ ላይ ያሳደገችው። የፈረሱ ኮቴ ጆሮዬ ሥር ሲደርስ ሰማሁ። ቀጥሎ ያየሁት ሰማይ ነው።

እኔ ተነሳሁ። ዳማዬ አልተነሳም። የፊት እግሩ ተሰብሯል። አጠገቡ አንድ ዘንግ ወድቋል። አነሳሁትና፣ «ፈረሴን መታው» አልኩ።

ይህን ስናገር ውሸት መሆኑን አላወቅሁም። እንደዚያ መሰለኝ። ወይም እንደዚያ እንዲሆን ፈለግሁ። ሁለቱን ዛሬም መለየት አልችልም። ሜዳው በወደቀ ዘንግ የተሞላ ነበር፤ የሁሉም ዘንግ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን አቀባበለ። ዳማዬን ሲተኩስበት ፊቴን አዞርኩ።

እሑድ ሽማግሌዎች ማርያም ቅጥር ግቢ ተቀመጡ። ሽፈራው «አልወረወርኩም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከእኛ ወገን ሦስት ሰዎች ሲወረውር አየን ብለው መሰከሩ። አቧራው ውስጥ ምንም አላዩም፤ ያዩት እኔ የነገርኳቸውን ነው። ከሴቶቹ መካከል አስካለ ተነሳችና፣ «አባቶች፣ አንድ ነገር ልናገር» አለች።

እኔ ነኝ የመለስኩላት። «ይህ ሰርግ አይደለም። ቁጭ በይ።»

ግራ ዓይኗን ጨፍና አየችኝና ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ሽፈራው ነውረኛ ተባለ፤ ከእንግዲህ ጉግስ አይወጣም። በገደለው ፈረስ ፈንታም አምባላዩን በሚቀጥለው እሑድ፣ በአስተርዮ ማርያም፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ፊት ያስረክበኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስካለ ትፈልግሃለች የሚል መልእክት ደረሰኝ። ስደርስ ጄኔሬተሩ ተነስቷል። ነዳጅ ያገኘችው ያን ቀን ነው። በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ቴሌቪዥኑ ፊት መቀመጫ ዱካ ሰጠችኝ።

«ምንድነው?»

«ሲጋልቡ ማየት ይፈልጉ አልነበር።»

ምስሉ መጣ። ፈረሶች ከሩቅ ሲመጡ ይታያሉ፤ አይንቀጠቀጥም፣ ይፈሳል። ፊት ፊት አንድ ጎባጣ ሰው ይጋልባል። አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገብቷል፤ እግሩ እርካቡን ፈልጎ የሚያጣ ይመስላል።

«ይህ ሽማግሌ ማነው?» አልኳት። ከልቤ ነው የጠየቅሁት።

«ጋሻውን ይዩት።»

አየሁት። ከአባቴ የወረስኩት ጋሻ ነው። ለጥቂት ጊዜ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ፤ የማየው ያን ጎባጣ ብቻ ሆነ። ከዚያ አስካለ ምስሉን አዘገየችው።

ሽፈራው ዘንጉን ከፍ አድርጓል። እኔ ምን ያህል እንደቀረበ ለማየት ወደ ኋላ እዞራለሁ፤ ስዞር በግራ እጄ ልጓሙን እስባለሁ። ፈረስ መጋለብ ትናንት የጀመረ ሰው እንኳ የማያደርገው ነው። የዳማዬ አንገት ተጠመዘዘ፤ እግሩ ተቆላለፈ። ሽፈራው ኮርቻዬ ላይ መናጋቴን ያየው ከመውደቄ በፊት ነው። ዘንጉን አወረደ። እጁ ውስጥ ነው፤ አልተወረወረም፤ ቋጠሮው ይታያል። ወዲያው አምባላዩን ወደ ቀኝ ገፍቶ በእኔ ላይ እንዳይወጣ አስመለጠኝ።

«ድገሚው» አልኩ። ደገመችው። አምስት ጊዜ ሳላስደግማት አልቀርም።

«ደምስሺው» አልኳት በመጨረሻ።

«አልደመስሰውም።»

«በእኔ በግ የተገዛ ነው።»

«በሽፈራውም በግ።»

እውነት ነው፤ እሱም ከአሥራ አራቱ አንዱ ነበር። «ለሽማግሌዎቹ ልታሳዪ ነው?»

«ላሳያቸው ስነሳ ማን እንዳስቀመጠኝ ያውቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ እርስዎ እንዲያዩት ብዬ ነው። ነገ ፈረሱ ሲሰጥ እዚያ እቆማለሁ። ከጠየቁኝ ያየሁትን እናገራለሁ።»

«ማንም አይጠይቅሽም።»

«እኔም እሱን ነው የምፈራው» አለች።

ተነሳሁ። ንዴቴን ሁሉ ልወጣባት አስቤ ነበር፤ የወጣኝ ግን «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ነው።

«የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ልጓም ሳበ ይላል። ይሄው ነው። አያ ደምሴ፣ ልጁ ሊያድንዎት ነው ዘንጉን ያወረደው። እሱን ማንም አላየለትም። ያየነው እርስዎና እኔ ብቻ ነን።»

ዓይኗን አልጨፈነችም። በሁለቱም ነው ያየችኝ። ሳልሰናበታት ወጣሁ።

ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ለፋሲካ ፊልሙን ቤቷ አሳየች፤ መግቢያ አጥቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነው ያየው። እኔ ከምወድቅበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ ጄኔሬተሩን አጠፋችው። ያን ጊዜ ነገሩ በእኔ አፍ ስላለቀ፣ የቀረ ካሴት አለ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ካሴቱን ማየቴን ተናግሬ አላውቅም። ለሽማግሌዎቹ ሕሊናዬ እንቅልፍ ነሳኝ ነው ያልኩት፤ እሷም እዚያው ቆማ ስትሰማኝ ነበር። በኋላ ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ዛሬ ቤቴ አለ፤ የሚያጫውተው ዕቃ ግን አገር ውስጥ የለም።

ያን ቅዳሜ ማታ እህል አልቀመስኩም። በማግስቱ ጎህ እንደቀደደ ለባለቤቴ ሳልነግራት ወጣሁ። ፈረስ ስለሌለኝ ወደ ታች አገር በእግሬ ወረድኩ። የጌጡ ግቢ ስደርስ ሽፈራው አምባላዩን ውሃ አጠጥቶ ገላውን በጭድ እያሸ ነው። ሲሰጠው እንዲያምር። እናቱ ከቤት አልወጣችም። ጌጡ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አየኝና ተቀመጥ አላለኝም።

«ደምሴ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ መጠበቅ አቃተህ?»

«አቃተኝ።»

«እንግዲያው ውሰደው። ኮርቻውንም ከፈለግህ እዚያ አለ።»

«ልጅህ አልመታም» አልኩት። «ልጓም ስቤ ፈረሴን የጣልኩት እኔ ነኝ። እሱ ስናጋ አይቶ ዘንጉን አወረደው።»

ጌጡ ወደ ልጁ ዞረ። «ይህን አልነገርከኝም።»

«ነግሬህስ» አለ ሽፈራው ማሸቱን ሳያቆም። «ማን ሊያምነኝ።»

ጌጡ ከደጃፉ ተነሳ። ከዚያ፣ «ለእኔ ብቻ ነው የምትነግረኝ ወይስ ላይ ማርያምም ሄደህ ትደግመዋለህ?» አለኝ።

«እዚያም እደግመዋለሁ። ግን አብራችሁኝ ውጡ። ብቻዬን ከሆንኩ መንገድ ላይ ሐሳቤን እለውጣለሁ።»

ሽፈራው ጭዱን ጣለ። «አቀበቱ ለእርስዎ ከባድ ነው፤ ልጫንልዎት» አለኝ አምባላዩን እያሳየ።

«በእግሬ ነው የምሄደው።»

ገመዱን ከእጁ ተቀብዬ ፈረሱን ወደ ጋጣው መልሼ ራሴ አሰርኩት። የማርያም ደወል ሲደወል ጌጡ ከፊት፣ ልጁ ከኋላ፣ እኔን መካከል አድርገው አቀበቱን ጀመርነው።